ቀይ የተቀባው መሬት፦ ክላይሜት ሴንትራል ያቀረበው የባሕር ዳርቻ ስጋት ካርታ ሲገመገም

የባሕሩ ውኃ አንድ ቀን ቀዬዬን ያስለቅቀኝ ይሆን ብሎ የሚሠጋ ሰው ዛሬ መልስ ፍለጋ አስቀድሞ የሚከፍተው የኢንተርኔት ካርታ ነው። በዚህ ረገድ በስፋት ከሚታወቁት አንዱ፣ ክላይሜት ሴንትራል የተባለው ለትርፍ ያልቆመ የአሜሪካ ድርጅት በነፃ ያቀረበው የባሕር ዳርቻ ስጋት ካርታ ነው። ጥቂት ምሽቶች ተቀምጬ የፈተሽኩት ትክክለኛነቱን ለመመዘን ብቻ ሳይሆን፣ ሥጋት ያደረበት ሰው ይዞት የሚመጣውን ጥያቄ በእርግጥ ይመልስ እንደሆነ ለማየትም ጭምር ነው።

አጠቃቀሙ አያስቸግርም። ቦታና ዓመት ሲመረጡ፣ በዚያ ዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይደርሳል ተብሎ ከሚጠበቀው የጎርፍ ከፍታ በታች የሚውለው መሬት ቀይ ይቀባል፤ ዓመቱን ትቶ የውኃውን ከፍታ ብቻ እየጨመሩ ማየትም ይቻላል። በቬትናም ደቡብ ያለውን የሜኮንግ ደለል ምድር ከፍቼ እ.ኤ.አ. 2050ን ስመርጥ፣ ቀዩ በባሕሩ ጠርዝ ላይ አልቆመም፤ አብዛኛውን ሜዳ አለበሰው። መጀመሪያ የሚያዩት ሁሉ ደንገጥ ማለታቸው አይቀርም።

የካርታው ትልቁ ብርታት ከዓይን የተሰወረው የከፍታ ልኬቱ ነው። ለረጅም ጊዜ በዓለም ዙሪያ ሲሠራበት የቆየው መረጃ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በራዳር የሰበሰበችው ነበር። ራዳሩ ግን የዛፉን ጫፍና የቤቱን ጣሪያ ከመሬቱ ለይቶ ስለማያይ፣ ዝቅተኛውን የባሕር ዳርቻ በአማካይ ወደ 2 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ አሳየ። የባሕር ጠለል ጭማሪ በሴንቲሜትር በሚቆጠርበት ጉዳይ ሁለት ሜትር ማለት ሁሉ ነገር ነው። የድርጅቱ ተመራማሪዎች ይህን ስሕተት በኮምፒውተር አርመው እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ በ2050 በዓመታዊ ጎርፍ ክልል ውስጥ የሚገባው መሬት የ300 ሚሊዮን ሰዎች መኖሪያ መሆኑን አሳዩ፤ በቀድሞው ልኬት ይህ ቁጥር 80 ሚሊዮን ገደማ ነበር።

ይሁን እንጂ ቀዩ ቀለም «ይህ ቦታ ዝቅ ያለ ነው» ከማለት ያለፈ ነገር አይናገርም። ያው ጥናት እንደሚለው ዛሬም 110 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከባሕር ሙላት በታች ባለ መሬት ላይ ይኖራሉ፤ ብዙዎቹን የሚያኖራቸው ግድብ፣ ቦይና የውኃ መሳቢያ ነው። ካርታው ደግሞ የሁሉንም አገር ግድብ አያውቅም። ሩብ ያህሉ መሬቷ ከባሕር ጠለል በታች የሆነው ኔዘርላንድስ በሰፊው ቀልታ የምትታየው ለዚህ ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ ሆላንዶች ነገ ይሰደዳሉ የሚል ሰው ግን የለም። ገንዘብና መሐንዲስ ያለው ቀይና የሌለው ቀይ በዚህ ካርታ ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ናቸው፤ በእኔ እይታ ዋናው ጉድለቱ ይህ ነው።

በፓሲፊክ ውቅያኖስ ያለችውን ትንሽ የደሴት አገር ቱቫሉን ስፈልግ ሌላ ነገር ገጠመኝ። የዋና ከተማዋ የፉናፉቲ ደሴት በጠባቧ ቦታ ስፋቷ 20 ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የመንኮራኩሯ ልኬት አንዷ ነጥብ ግን ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ መሬት ትሸፍናለች። ስለዚህ ጉዳዩ ከማንም በላይ የሚመለከታቸው ሰዎች ካርታውን አቅርበው በተመለከቱት መጠን የሚነግራቸው እየቀነሰ ይሄዳል። እነርሱም ቢሆኑ ካርታ እየጠበቁ አይደለም። ከአውስትራሊያ ጋር የተፈረመው የፋሌፒሊ ስምምነት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ሥራ ላይ ሲውል በዓመት ለ280 ሰዎች የቋሚ ነዋሪነት ዕድል ከፈተ፤ በ2025 በተካሄደው የመጀመሪያው ዕጣ፣ ሕዝቧ 11 ሺህ ገደማ ከሆነው አገር ቤተሰብን ጨምሮ ከ8,000 በላይ ሰዎች ተመዘገቡ።

እነዚህ ሰዎች በሕግ ፊት ስደተኞች አለመሆናቸውንም ልብ ይሏል። የ1951 የስደተኞች ስምምነት የሚያውቀው በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነት ወይም በፖለቲካ አመለካከት የሚደርስን መሳደድ እንጂ የባሕርን መነሣት አይደለም። ኪሪባቲ ከምትባለው ሌላ የፓሲፊክ የደሴት አገር ሄዶ በኒውዚላንድ ጥገኝነት የጠየቀው ኢዮአኔ ቴይቲዮታ ጉዳዩን እስከ ተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ አድርሶ አልተሳካለትም፤ ኮሚቴው ግን በ2020 ይፋ ባደረገው ውሳኔ፣ የአየር ንብረት ለውጥ ሕይወትን አደጋ ላይ ወደሚጥልበት ቦታ ሰውን መመለስ ሊከለከል እንደሚችል አመለከተ። ካርታው ላይ ቤቱ ቀልቶ ያየ ሰው ያንን ገጽ አትሞ ኤምባሲ ይዞ ቢሄድ የሚያገኘው ነገር እንደሌለ ማወቅ አለበት።

ነጭ ሆኖ የቀረው መሬትም ቢሆን ማስተማመኛ አይሰጥም። በዝቅተኛ ደሴቶች ከጎርፉ ቀድሞ የሚመጣው የጉድጓዱ ውኃ ጨዋማ መሆን ነው፤ በባሕር ውኃ ላይ እንደ ስስ ሽፋን የሚንሳፈፈው የዝናብ ውኃ አንዴ ማዕበል ከገባበት ቶሎ አይጠራም። ከባሕር ርቆ ያለው ገበሬ ደግሞ የሚለቀው በድርቅ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በ2050 እስከ 216 ሚሊዮን ሰዎች በገዛ አገራቸው ውስጥ ሊፈናቀሉ ይችላሉ ሲል፣ ከባሕሩ ጋር የውኃ እጥረትንና የምርት መቀነስን አብሮ ቆጥሯል።

ይህን ሁሉ ብዬም ካርታውን እመክራለሁ፤ መሬት ለመግዛት፣ ቤት ለመሥራት ወይም በአካባቢው ምክር ቤት ስለ ግድብ ጥያቄ ለማንሣት ላሰበ ሰው በነፃ የሚገኝ ጥሩ መነሻ ነው። የሚከፍተው ሰው ግን ከቀለሙ ቀድሞ፣ በገጹ ላይ ስለ ጉድለቶቹ የተጻፈውን ማብራሪያ ያንብብ። ድርጅቱ አንድ ነገር እንዲጨምር ብጠየቅ፣ የጉድጓድ ውኃ ጨዋማነት በሌላ ቀለም እንዲታይ እጠይቃለሁ።