ብርዙም ጠጁም ይመሰገናል፤ «ለአንጀት መድኃኒት» የሚለው ግን ይነሣ

ባሕር ዳር ውስጥ ስሙን ልጠቅሰው የማልፈልገው አንድ ጠጅ ቤት አለ። ስለ ጠጁ ጥራት አስቀድሞ መመስከር ተገቢ ነው። ማሩ ከአዊ የሚመጣ ሲሆን፣ ደረቁ፣ መካከለኛውና ለስላሳው ሳይደባለቁ ይቀዳሉ፤ የጌሾው ምሬት የማሩን መዓዛ አይጫነውም፤ ብርሌውም ተገላብጦ ደርቆ እንጂ ውኃ እያንጠባጠበ አይቀርብም።

ቅር ያሰኘኝ ከመቅጃው በላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው፤ «ጠጅ ሕያው ነው፤ አንጀትን ያክማል፣ አእምሮን ያረጋጋል» ይላል። አስተናጋጁን ስለ ነገሩ ብጠይቀው «እርሾ ያለበት ስለሆነ ከእርጎ አይተናነስም እኮ፣ ጋሼ» አለኝ። ከፊሉ እውነት ነው፤ ጠጅን የሚያፈላው በዋናነት ሳካሮማይሲስ የተባለው እርሾ ሲሆን፣ እርጎን የሚያረጉት ዓይነት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችም ይገኙበታል። ነገር ግን እነዚህን ረቂቅ ሕዋሳት የምንጠጣው ከአልኮሉ ጋር ነው፤ አልኮሉ ደግሞ አንጀት ላይ የሚያደርሰው ነገር ጽሑፉ ከሚለው ተቃራኒ ነው።

አልኮል በሰውነት ውስጥ ሲፈጭ አሴታልዴሃይድ የተባለ መርዛማ ውህድ ይፈጠራል። ይህን ውህድ ጉበት ብቻ ሳይሆን ራሳቸው የአንጀት ባክቴሪያዎችም ያመርቱታል። የአንጀትን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍኑት ሕዋሳት እርስ በርስ የተያያዙበት ማሰሪያ በአሴታልዴሃይድ ይላላል፤ ሲላላም ከአንዳንድ ባክቴሪያዎች ልባስ የሚወጣው ኢንዶቶክሲን የተባለ መርዝ ሾልኮ ወደ ደም ይገባና በመጀመሪያ ጉበትን ያገኛል። በዚህ የተቆጣው የሰውነት መከላከያ ሳይቶካይን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ይለቃል፤ እነርሱም በደምና አንጀትን ከአንጎል በሚያገናኘው በቬገስ ነርቭ በኩል ቁጣውን እስከ አንጎል ያደርሱታል። «አእምሮን ያረጋጋል» የሚለውን በዝምታ ማለፍ ያልቻልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

በ2014 እ.ኤ.አ. የቤልጅየም ተመራማሪዎች የአልኮል ጥገኛ የሆኑ 60 ሰዎችን መርምረው ያወጡት ጥናት ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል። አንጀታቸው የላላባቸው ሕሙማን የባክቴሪያ ስብጥራቸው ተዛብቶ የተገኘ ሲሆን፣ መጠጥ ካቆሙ ከሦስት ሳምንት በኋላም ድባቴው፣ ጭንቀቱና የመጠጥ አምሮቱ ከሌሎቹ ይልቅ በእነርሱ ላይ በርትቶ ቆይቷል። በ2021 ደግሞ በአሜሪካ፣ የመጠጥ ሱስና የጉበት ሲሮሲስ (ጉበት ጠባሳ እያበጀ የሚጠጥርበት ሕመም) ባለባቸው 20 ወንዶች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ከጤናማ ሰው ዓይነ ምድር የተወሰዱ ባክቴሪያዎች ከተሰጣቸው 10 ሰዎች የ9ኙ አምሮት በ15ኛው ቀን ቀንሶ ተገኝቷል፤ ባዶ መድኃኒት ከተሰጣቸው 10 ሰዎች ግን የቀነሰላቸው 3 ብቻ ናቸው። ሙከራው ትንሽ ቢሆንም፣ አምሮት ከአንጎል ብቻ የሚመነጭ አለመሆኑን ስለሚጠቁም ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ።

በእርግጥ ጥናቶቹ የተካሄዱት ለረጅም ጊዜ አብዝተው በጠጡ ሰዎች ላይ ነው፤ በበዓል ቀን አንድ ብርሌ የሚጎነጭ ሰው ከእነርሱ እኩል ይጎዳል ማለት አይቻልም። ይሁንና የዓለም ጤና ድርጅት በጥር 2023 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው ለጤና ፍጹም አስተማማኝ የሚባል የአልኮል መጠን የለም። ጠጅ በጣዕሙና በባህላዊ ክብሩ ሊሸጥ ይገባዋል፤ ሁለቱም ይበቁታል፤ መድኃኒት ብሎ መሸጥ ግን በተለይ ከሱስ ጋር የሚታገለውን ደንበኛ ያሳስታል።

ለጠጅ ቤቱ ባለቤት ጽሑፉን አንሥተው በምትኩ የማሩን ምንጭና ጠጁ የተጣለበትን ቀን እንዲለጥፉ ሐሳብ አቅርቤላቸው በትሕትና አዳምጠውኛል። ከአልኮል ለሚቆጠቡ እንግዶች ብርዛቸውን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ማሩ በብዛት ስላለበት ግን የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቢጠነቀቅ ይሻላል። ብርዙ ሳያድር እንዲጠጣ በየጠዋቱ በልክ ስለሚበረዝና ቶሎ ስለሚያልቅ፣ የሚፈልገው ሰው ከቀትር በፊት መድረስ ይኖርበታል።