ቀድማ ሰላም ለማትለኝ ቴራፒስት ምስጋና

"አማርኛ የሚናገር ቴራፒስት ታውቃለህ?" የሚል ጥያቄ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። ጠያቂው ሁለተኛ ጥያቄም አለው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሐበሻ ናት አይደል? ወሬው አይወጣም?" ይላል።

ፍርሃቱ ይገባኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ያስነጠሰ ሐበሻ አሌክሳንድሪያ ላይ "ይማርህ" ይባላል። ማኅበሩ፣ ዕድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የልጆች ልደቱ፣ የትም ብትሄድ የምታገኘው ያንኑ ሰው ነው። እኔም ፈረንጅ ልፈልግ ወይስ የአገሬን ልጅ እያልኩ ብዙ ወላውያለሁ።

ይህን የምጽፈው አንዲት ሜሪላንድ ውስጥ የምትሠራ ቴራፒስት (በንግግር የምታክም ባለሙያ) በአደባባይ ለማመስገንና ለሚፈልግ ለመጠቆም ነው። ለምን ወደ እሷ እንደሄድኩ አልጽፍም። እሱ የእኔ ነው። የምጽፈው እንዴት እንደተቀበለችኝ ነው።

ከእሷ በፊት አንድ ክሊኒክ ሞክሬ ነበር። ስሙ ይቅር። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ትንሽዬ የፊርማ ስክሪን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ "እዚህ ጋ ፈርም፣ አሁን ደግሞ እዚህ ጋ" አለችኝ። ምኑን ነው የምፈርመው ብዬ ስጠይቃት "ሂፓ ነው፣ ሁሉም ሰው ይፈርመዋል" አለች። ሂፓ የሚሉት የሕክምና ምስጢር ሕጉን ነው። ጽሑፉ የቱ ጋ እንዳለ እንኳ አላየሁም። በምን እንደተስማማሁ ሳላውቅ ገብቼ፣ ቁም ነገር ሳልናገር ወጣሁ።

የአሁኗ ጋ የመጀመሪያው ቀን እንዲህ አልነበረም። "እሺ፣ ምን ሆነህ መጣህ?" ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ "አንተ ከመናገርህ በፊት እኔ ልናገር" አለች። "የምትነግረኝን እጠብቃለሁ። ግን ሁሉንም አይደለም። ልጠብቅልህ የማልችለውን አሁኑኑ እወቀው። ከተናገርክ በኋላ ብታውቀው ምን ይጠቅምሃል?"

ከዚያ ዘረዘረችልኝ። ራሴን ወይም ሌላ ሰውን ለመጉዳት ከቆረጥኩ ዝም አትልም። ልጅ ላይ የሚደርስ ጥቃት ከሰማች ለመንግሥት ማሳወቅ ግዴታዋ ነው። ራሱን መከላከል የማይችል አዋቂ ላይ ሲደርስም እንዲሁ። ዳኛ ካዘዘም ልትገደድ ትችላለች። አንዷ ነገር በተለይ አስገረመችኝ። ሜሪላንድ ውስጥ በልጅነቱ ጥቃት የደረሰበት ሰው ዛሬ ትልቅ ሰው ቢሆንም ቴራፒስቱ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ይህን የማያውቅ ስንት ሰው አለ! አንድ ሰው የልጅነቱን ቁስል ሊናገር ሲመጣ፣ ከመናገሩ በፊት ይህን ሊያውቅ ይገባዋል። ዛሬ ልናገር፣ ወይስ ልቆይ፣ ወይስ ስም ሳልጠራ ልናገር የሚለውን የሚመርጠው እሱ ነው።

"ሞቼ ባረፍኩት ያልኩ ዕለት ፖሊስ ትጠሪብኛለሽ ማለት ነው?" አልኳት። ሳቅ አለች። ሐዘንና ምሬት መናገር አንድ ነገር፣ መንገዱን አዘጋጅቶ ቀን መቁረጥ ሌላ ነገር መሆኑን አስረዳችኝ። መጀመሪያ የምታደርገው መጠየቅ ነው። ቀጥሎ ከእኔው ጋር መመካከር። ሌላው የሚመጣው አደጋው የቀረበ ሲሆን ነው። ይህን በመፍራት ብቻ አፉን የዘጋ ወንድ ብዙ አውቃለሁ።

እውነቱን ልናገርና፣ የከፈተኝ ይሄ ነው። "አይዞህ፣ ሁሉም እዚህ ይቀራል" ብትለኝ ኖሮ አላምናትም ነበር። እስከዚህ እችላለሁ፣ ከዚህ በኋላ አልችልም ስትለኝ ግን የተቀረው ሁሉ ታመነኝ።

ቀጥሎ ፎርሙ መጣ። በእንግሊዝኛ ነው፣ እሷ ግን እያንዳንዱን ክፍል በአማርኛ አስረዳችኝና "በራስህ አባባል መልሰህ ንገረኝ" አለችኝ። መጀመሪያ ላይ እንደ ተማሪ ልትፈትነኝ ነው ብዬ ቅር ብሎኝ ነበር። በኋላ ሳየው ግን ትክክል ናት። ሰው አንገቱን ነቀነቀ ማለት ገባው ማለት አይደለም፣ እኛ ደግሞ በይሉኝታ መነቅነቅ እናውቅበታለን። ሕክምናው መጀመሪያ ላይ ስሜት ሊያባብስ እንደሚችል፣ መድኃኒት መጻፍ እንደማትችልና መድኃኒት ካስፈለገ ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) ጋ እንደምትልከኝ፣ በፈለግሁ ጊዜ ማቆም እንደምችል፣ ሁሉንም ነገረችኝ። ከሙያ ባልደረባዋ ጋር ስለ ሥራዋ እንደምትመካከር፣ ግን ስሜንና ማንነቴን የሚያሳውቅ ነገር እንደማታነሳም ጭምር። ድምፅ አትቀዳም። ማስታወሻ የሚጽፍ የኤአይ ፕሮግራምም አትጠቀምም። "አንድ ቀን ልጠቀም ብል መጀመሪያ አንተን ጠይቄ ነው፣ እንቢ ማለትም ትችላለህ" ብላኛለች።

ስለ ኢንሹራንስ ያስረዳችኝን ግን ሁላችሁም ብታውቁት ደስ ይለኛል፤ ብዙ ቤት የሚበጠብጠው እዚህ ጋ ነው።

ኢንሹራንሴ በባለቤቴ መሥሪያ ቤት በኩል ነው። ኢንሹራንሱ ሲከፍል ደግሞ "ይህን ያህል ከፈልን፣ ለዚህ አገልግሎት" የሚል ደብዳቤ ይልካል። ብዙ ጊዜ ደብዳቤው የሚሄደው የኢንሹራንሱ ባለቤት ለሆነው ሰው ነው። ማለትም እኔ ሳልናገር ፖስታ ሳጥኑ ሊናገርብኝ ይችላል። ይህን የነገረችኝ ሒሳቡን ወደ ኢንሹራንስ ከመላኳ በፊት ነው። ምርጫ እንዳለኝም ነገረችኝ። ደብዳቤው በሌላ አድራሻ እንዲላክልኝ ኢንሹራንሱን መጠየቅ እችላለሁ። ወይም ሙሉውን ከኪሴ ከፍዬ ለኢንሹራንሱ ምንም እንዳትልክ በጽሑፍ መጠየቅ እችላለሁ፣ ሕጉ ይህን መብት ይሰጠኛል። ከኪሴ ለመክፈል ከፈለግሁ ደግሞ የወጪ ግምቱን በጽሑፍ አስቀድማ ትሰጠኛለች። ይህ ከ2022 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የፌዴራል ሕግ ግዴታ ነው።

እኔ ለባለቤቴ ራሴ ነገርኳት። ግን የነገርኳት እኔ ነኝ፣ ፖስታ አይደለም።

ኢንሹራንሱስ ምን ያያል? የመጣሁበትን ቀን፣ የሕመሙን መለያ ኮድ፣ ሕክምናው ምን ዓይነት እንደሆነና እንዴት እየሄደ እንዳለ ጠቅለል አድርጎ ያያል። ስናወራ ለራሷ የምትጽፈው ማስታወሻ ግን ከዋናው ፋይል ተለይቶ ነው የሚቀመጠው። ሂፓ የሚባለው የ1996 ሕግና ከ2003 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የምስጢር ደንብ ለዚህ ማስታወሻ የተለየ ጥበቃ ይሰጠዋል። ኢንሹራንሱ እሱን ማየት ቢፈልግ እኔ ሌላ የተለየ ፊርማ መፈረም አለብኝ፣ አልፈርምም ብል ደግሞ ክፍያውን ሊከለክለኝ አይችልም። ፋይሌን ራሴ ጠይቄ ማግኘት እችላለሁ። ያንን የተለየ ማስታወሻ ግን ለእኔም የመስጠት ግዴታ የለባትም። ይህን ስትነግረኝ ትንሽ ከነከነኝ፣ አሁንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። ቢሆንም ደብቃ አላስፈረመችኝም።

የባለቤቴ ወንድም ክርክር ይወዳል። ቴራፒስቴ ፈቃዷ የሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ) መሆኑን ሲሰማ፣ "ሶሻል ወርከር እኮ ናት፣ ዶክተር አይደለችም፣ ፍርድ ቤት ከመጣ ሁሉንም ትዘረግፈዋለች" አለኝ። እልህ ይዞኝ አነበብኩ። በ1996 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጃፊ በሬድመንድ ላይ በተባለው ጉዳይ የወሰነው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ኢሊኖይ ውስጥ ያለች አንዲት ፖሊስ ሰው ተኩሳ ከገደለች በኋላ ፈቃድ ካላት ሶሻል ወርከር ጋር ያደረገችው ንግግር ይቅረብ ተባለ። ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ፣ ፈቃድ ያለው ሶሻል ወርከር በሕክምና ላይ የሰማው በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥበቃ አለው አለ። አማቼ "እሺ እሱስ ይሁን" ብሎ ወደ እግር ኳስ ዞረ።

የጥገኝነት ጉዳይ ያላችሁ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ጠበቃ "የሥነ ልቦና ግምገማ አምጣ" ሲል ብዙ ሰው ሕክምናና ግምገማ አንድ ይመስለዋል። አይደለም። ለአንድ ዘመዴ ጠይቄያት እንዳስረዳችኝ፣ ግምገማው ከመጀመሪያውም ለጠበቃና ለዳኛ እንዲቀርብ የሚጻፍ ነው። እዚያ የሚነገረው ሪፖርቱ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የሚገመግመው ሰው ይህን አስቀድሞ መናገር አለበት። እሷ በበኩሏ የምታክመውን ሰው አትገመግምም፣ ወደ ሌላ ባለሙያ ነው የምትልከው። ገንዘብ ሊገኝበት የሚችል ሥራ ነው፣ ግን አትነካውም።

አሁን ወደ ርዕሱ ልምጣ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደምሄድ፣ የትኛው ዕድር ውስጥ እንዳለሁ ጠየቀችኝ። ለምን ስላት "የቅርብ ሰዎቼ የአንተም የቅርብ ሰዎች ከሆኑ ሌላ ባለሙያ ብፈልግልህ ይሻላል" አለች። ቀጥላም "ውጭ ብንገናኝ እኔ ቀድሜ ሰላም አልልህም። ንቄህ እንዳይመስልህ። አንተ ካልከኝ ግን እመልሳለሁ" አለችኝ። እንደ እኛ ላለ ሕዝብ ይህ ከባድ ነው። እናቴ ብታይ "ምን ያለች ኩሩ ናት" ትላለች። ገበያ ላይ አንዴ ተያየን። ቲማቲሟን መምረጥ ቀጠለች። እኔ ከባለቤቴ እህት ጋር ነበርኩ። ውስጤን እንዴት ደስ እንዳለው!

እናቴ እንዲያውም "የንስሐ አባት እያሉህ ምን ፍለጋ ነው?" ብላኛለች። ለሁለቱም የማወራው አለኝ። ቴራፒስቴም ይህንን አልተቃወመችም። "እሳቸውን ላነጋግራቸው?" ብላም አታውቅም፤ እኔ ካልፈረምኩ ከማንም ጋር አትነጋገርም።

ስልክ ላይም ጥንቁቅ ናት። በየትኛው ቁጥር ልደውል፣ ሌላ ሰው ቢያነሳ ምን ልበል፣ የድምፅ መልእክት ልተው ወይ ብላ ጠይቃ ነው የጀመረችው። በቪዲዮ ስንገናኝ ሁልጊዜ "አሁን የት ነህ? ከአጠገብህ ሰው አለ?" ትላለች። ፈቃዷ የሜሪላንድ ብቻ ነው። ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ቪዲዮውን የከፈትኩ ቀን፣ ያውም ድልድይ ማዶ፣ ቀጠሮውን አዛወረችው። የቨርጂኒያና የዲሲ ሰዎች ይህን ልብ በሉ፤ ቢሮዋ ድረስ ብትመጡ ግን ችግር የለም።

ጉድለት የላትም አልልም። ወረፋዋ ረጅም ነው። ከ24 ሰዓት በታች ሲቀረው የተሰረዘ ቀጠሮ ታስከፍላለች፣ እኔንም አስከፍላኛለች። ዋጋዋ ርካሽ አይደለም። ፓርኪንጉንስ ተዉት።

ስሟን እዚህ ለምን አልጻፍኩም? ልጽፍላት እንደምፈልግ ነግሬያት ነበር። የሙያ ሥነ ምግባሯ አሁን የምታክማቸውን ሰዎች "መስክሩልኝ" እንድትል አይፈቅድላትም። "ጻፍ አልልህም፣ አትጻፍም አልልህም። ግን ስሜን ከጻፍክ የእኔ ታካሚ መሆንህን ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ደግሞ ሥሩ ገብቼ አመሰግናለሁ እንኳ ማለት አልችልም፣ አውቅሃለሁ ማለት ይሆናልና" አለችኝ። ስለዚህ ይህን ብታነብም መልስ አትጠብቁ። አመሰግንሻለሁ እህቴ፣ ባትመልሺም ገብቶኛል።

ስሟን የሚፈልግ በኢንቦክስ ይጠይቀኝ። እኔን ብቻ ሰምታችሁ እንዳትሄዱ፤ የሜሪላንድ የሶሻል ወርከሮች ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ፈቃዷ የጸና መሆኑን በነፃ ማየት ይቻላል። ጉዳዩ ለወረፋ የማይቆይ ከሆነ ደግሞ 988 (ራስን የማጥፋትና የአእምሮ ጭንቀት የእርዳታ መስመር) ደውሉ፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚ መጠየቅም ትችላላችሁ።

ኢንቦክስ ስትገቡ "ስሟን ላክልኝ" ብቻ በቂ ነው። ለራሳችሁ ይሁን ለሌላ ሰው፣ ምን ሆናችሁ እንደሆነም አትንገሩኝ። እኔ የፈረምኩት ፎርም የለም።