ለቤትም ለአደንም የሚሆን ውሻ፦ ላብራዶር፣ ጎልደን፣ ቼሳፒክ ወይስ ስፕሪንገር?

አሜሪካ ውስጥ የዳክዬ፣ የዝይ ወይም የፌዛንት (ዶሮ መሰል የሜዳ ወፍ) አደን ፈቃድ አውጥቶ በየመጸው ወደ ሜዳ የሚወጣ ሰው ውሻ የሚያስፈልገው ለአጃቢነት ብቻ አይደለም። የተመታ ዳክዬ ፊላና ሸምበቆ በበዛበት ረግረግ ውስጥ ሲወድቅ በሰው ዓይን ፈልጎ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ክንፉ ብቻ የተሰበረ ፌዛንት ደግሞ እንደኛ አገር ቆቅ በእግሩ ሮጦ ከወደቀበት ቦታ ርቆ ሣር ውስጥ ይደበቃል። የፌዴራሉ ሕግም ፍልሰተኛ ወፎችን የሚያድን ሰው የገደለውንም ሆነ ያቆሰለውን ወፍ ለማግኘት ተገቢውን ጥረት እንዲያደርግ ስለሚያስገድድ፣ ጥሩ አፍንጫ ያለው ውሻ ይህን ግዴታ ለመወጣት ከሁሉ የተሻለው ረዳት ነው። ይሁን እንጂ የአደኑ ወቅት በጥቂት ወራት የተወሰነ በመሆኑ፣ ያው ውሻ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል የሚያሳልፈው ከልጆች ጋር ሳሎን ውስጥ፣ እንግዳ በሚገባበትና በሚወጣበት በር አጠገብ ነው። ገዢው ሁለቱንም ሕይወት አንድ ላይ መመዘን ይኖርበታል።

ፍርዴን አስቀድሜ ልግለጽ። ከዚህ በፊት ውሻ አሳድጎ ለማያውቅ፣ ትንንሽ ልጆች ላሉት፣ ዳክዬም ፌዛንትም ለማደን ለሚፈልግ ቤተሰብ የምመርጠው ከአደን መስመር ማለትም ለአደን ከተመረጡ ወላጆች የተወለደች፣ ረጋ ያለች እናት ያላት ሴት ላብራዶር ነው። የቀሩት ሦስቱ ዝርያዎች ላብራዶርን የሚበልጡበት ጉዳይ አላቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ብልጫ ከቤተሰቡ የሚጠይቀው ዋጋ አለው።

ላብራዶር ከካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ የዓሣ አጥማጆች የውሃ ውሾች የተገኘ ሲሆን፣ እንደ ዝርያ መልክ ይዞ የተስተካከለው በ19ኛው መቶ ዘመን በብሪታንያ መኳንንት ቤት ነው። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ ዝርያውን በ1917 መዝግቦታል፤ ከ1991 እስከ 2021 ድረስም በምዝገባ ብዛት የመጀመሪያውን ደረጃ ይዞ ቆይቷል። ወንዱ ከ29 እስከ 36 ኪሎ፣ ሴቷ ከ25 እስከ 32 ኪሎ ይመዝናሉ። ፀጉሩ አጭርና ድርብ በመሆኑ ውሃ ቶሎ አያስገባም፣ ከሜዳ ሲመለስም በፎጣ ማበስ ብቻ ሊበቃው ይችላል፤ ወፍራሙ ጅራቱ ሲዋኝ አቅጣጫ መያዣ ሆኖ ያገለግለዋል። ቤት ውስጥ ፀጉሩ ይረግፋል፣ በጸደይና በመጸው ደግሞ ምንጣፉን ያለብሰዋል። ከሰው ጋር ቶሎ ይላመዳል፣ እንግዳ ይወዳል፤ ለጥበቃ ብሎ የሚገዛው ሰው ግን ያዝናል።

የላብራዶር ትልቁ ድክመት ሆዱ ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 እንዳሳወቁት፣ ከአራት ላብራዶሮች አንዱ ያህል የጥጋብ ስሜትን በሚቆጣጠር አንድ ጂን ላይ ጉድለት ያለበት በመሆኑ የበላው አልበቃ ይለዋል። ልጆች ከገበታ ሥር እየቆረሱ በሚሰጡበት ቤት ይህ ውሻ በአንድ ክረምት ይወፍራል፤ የወፈረ ውሻ ደግሞ ዳሌውና ክርኑ ቶሎ ይጎዳል፣ ረግረግም ውስጥ ቶሎ ይደክማል። እዚህ ላይ ለእኛ ቤት የተለየ ማሳሰቢያ አለኝ። የወጣችን መሠረት የሆኑት ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆኑ የበሰሉ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል የሚያፈርሱ መርዞች ናቸው፤ የዶሮ ወጥ አጥንትም ሲበስል እየተሰነጠቀ አንጀት ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ የተረፈን ወጥ ለውሻ መስጠት፣ አገር ቤት ደግ ሥራ ቢሆንም፣ እዚህ በቤቱ ሁሉ ዘንድ የተከለከለ መሆን አለበት። ዘቢብ፣ ቸኮላትና ስኳር አልባ ማስቲካም ከዚሁ ዝርዝር ይገባሉ።

ጎልደን ሪትሪቨር (ሪትሪቨር ማለት የተመታ ወፍ አንስቶ የሚያመጣ ውሻ ነው) በጠባይ ከሁሉም የለዘበ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዘሩ መነሻ በ1868 ስኮትላንድ ውስጥ ሎርድ ትዊድማውዝ ቢጫ ቀለም ያለውን ኑስ የተባለ ወንድ ሪትሪቨር ቤል ከተባለች የትዊድ ውሃ ስፓንየል ጋር ያዳቀሉበት ጊዜ ነው። በክብደት ከላብራዶር ብዙም አይለይም። የልጆችን ጩኸትና መጎተት በትዕግሥት ይቀበላል፣ ከአሠልጣኙም ጋር በቁጣ ሳይሆን በማግባባት ቢሠራ ይወዳል፤ ስለዚህ ድምፁን ከፍ ማድረግ ለሚቀናው ሰው የሚሆን ውሻ አይደለም። ለአደን ሲወጣ ግን ፀጉሩ ዕዳ ይሆናል። ከአንድ ጥዋት የፌዛንት አደን በኋላ ከብብቱ ሥር፣ ከጆሮው ጀርባና ከጭኑ ላይ የተጠላለፈውን ጭጎጎት አንድ በአንድ ለመንቀል አንድ ሰው ማበጠሪያ ይዞ ረጅም ጊዜ መቀመጥ አለበት፤ ያልተነቀለው ወደ ውስጥ እየገባ ቆዳውን ያቆስላል። ከዚህ የሚከብደው የጤናው ጉዳይ ነው። በዚህ ዝርያ ላይ ካንሰር እጅግ የበዛ ከመሆኑ የተነሣ፣ ሞሪስ አኒማል ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት ምክንያቱን ለማጥናት በ2012 የጀመረውና ከ3,000 የሚበልጡ ጎልደኖችን ዕድሜ ልካቸውን የሚከታተል ጥናት አለ። ገዢው ከአርቢው ጋር ሲነጋገር አያቶቹ በስንት ዓመታቸው በምን እንደሞቱ መጠየቅ ይገባዋል፤ ይህን ጥያቄ እንደ ስድብ የሚቆጥር አርቢ ካጋጠመ ወደ ሌላ መሄድ ነው።

ቼሳፒክ ቤይ ሪትሪቨር የሜሪላንድ ልጅ ነው። በ1807 ከሜሪላንድ ጠረፍ አጠገብ ከተሰበረ መርከብ የተረፉት ሴይለርና ካንተን የተባሉ ሁለት የኒውፋውንድላንድ ቡችሎች የዘሩ መነሻ እንደሆኑ ይነገራል፤ ግዛቲቱም በ1964 ኦፊሴላዊ ውሻዋ አድርጋዋለች። ፀጉሩ ሞገድ የሠራና ቅባት ያለው ነው። በታኅሣሥ ብርድ በረዶ የያዘ ውሃ አቋርጦ ዳክዬ ይዞ ሲወጣ፣ ሰውነቱን ሁለት ጊዜ አራግፎ ሲያበቃ ፀጉሩን በጣት ገለጥ ቢያደርጉት፣ ከቆዳው አጠገብ ያለው ጥቅጥቅ ያለ የውስጥ ፀጉር ደረቅ ሆኖ ይገኛል። በብርድ ውሃና በትልልቅ ዝይዎች ላይ ከአራቱ ማንም አይወዳደረውም። ግን ይኸው ውሻ ለጌታው፣ ለጀልባውና ለበሩ የሚቀና፣ እንግዳን የሚጠራጠር፣ በራሱ ሐሳብ የሚሄድ ነው። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘመድ አዝማድ ሳያንኳኳ በሚገባበት ቤት ይህ ጠባይ ችግር ያመጣል። ውሻ አሠልጥኖ የሚያውቅና በየሳምንቱ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ የሚያድን ሰው ቢገዛው ይደሰትበታል፤ ለሌላው ግን አልመክረውም።

ስፕሪንገር ስፓንየል ከሦስቱ በሥራውም በመጠኑም ይለያል። ክብደቱ ከ18 እስከ 23 ኪሎ ሲሆን፣ ዋነኛ ሙያው ከአዳኙ ፊት ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ሣሩን አስሶ የተደበቀውን ወፍ ማስነሳት፣ ከተመታም በኋላ አንስቶ ማምጣት ነው። ደቡብ ዳኮታን በመሰለ የፌዛንት አገር፣ ወይም ሰፊ ጓሮ በሌለው የከተማ ቤት ለሚኖር ሰው ከላብራዶር ይልቅ እርሱን ልንመርጥ እንችላለን። በአንጻሩ ለዳክዬ አደን በብርድ ውስጥ ለሰዓታት ጸጥ ብሎ መቀመጥ ይከብደዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያለቅሳል፤ ከ5 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችለውን የካናዳ ዝይ ከውሃ መጎተትም አቅሙን ይፈትነዋል። የተንጠለጠሉት ጆሮዎቹ ከዋና በኋላ ካልደረቁ በቶሎ ያመረቅዛሉ።

ሌሎችም አሉ። ከ11 እስከ 18 ኪሎ የሚመዝነው የደቡብ ካሮላይናው ቦይኪን ስፓንየል ለትንሽ ጀልባ ምቹ ነው፤ ትልቁ ፑድል የጥንት የውሃ አደን ውሻ ከመሆኑም በላይ ፀጉሩ ብዙ አይረግፍም፤ የጀርመን አጭር ፀጉር ፖይንተር ደግሞ ወፉን አሽትቶ፣ ቆሞ የሚያመለክትና የሚያመጣ ሁለገብ ውሻ ሲሆን፣ በየቀኑ ብዙ ካልሮጠ ግን ቤቱን ያተራምሳል።

ከዝርያው ስም ይልቅ የሚበልጠው ግን የተወለደበት መስመር ነው። ላብራዶርም፣ ጎልደንም፣ ስፕሪንገርም ለውበት ትርዒት ተብለው የሚዳቀሉና ለሜዳ ተብለው የሚዳቀሉ ሁለት ወገኖች አሏቸው፤ በስፕሪንገር ዘንድ ልዩነቱ ከመስፋቱ የተነሣ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው የተለያዩ ዝርያዎች ይመስሉታል። የትርዒቱ ወገን ወፍራምና የተረጋጋ ሆኖ የአደን ፍላጎቱ የደከመ ሊሆን ይችላል፤ በሜዳ ውድድር የሻምፒዮንነት ማዕረግ ካላቸው ወላጆች የተወለደው ደግሞ አንዳንዴ ከልጆች ጋር ሳሎን ውስጥ ማረፍ የማይችል እሳት ነው። ለቤተሰብ የሚመቸው መካከለኛው ነው፦ በአሜሪካ ኬኔል ክለብ የአደን ፈተና ጁኒየር፣ ሲኒየር ወይም ማስተር ሀንተር የሚል ማዕረግ ያገኙ፣ ግን ቤት ውስጥ ከሰው ጋር የሚኖሩ ወላጆች ያሉት ቡችላ።

አርቢውን ሲጎበኙ ወረቀቱን በእጅ ይዞ ማየት ያስፈልጋል። የዳሌና የክርን መገጣጠሚያ ምርመራ በኦርቶፔዲክ ፋውንዴሽን ፎር አኒማልስ የመጨረሻ ደረጃ የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ከሞላው በኋላ ስለሆነ፣ የአንድ ዓመት ተኩል ወላጅ ሙሉ የምስክር ወረቀት አለው የሚል አርቢ እውነቱን አልተናገረም። ለላብራዶር ከዚህ በተጨማሪ ከከባድ ሩጫ በኋላ የኋላ እግሮቹ የሚከዱበትን የዘር ሕመም የሚያሳይ የዲኤንኤ ምርመራ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሕመሙ የሚገለጠው ጉድለቱን ከሁለቱም ወላጆች በወረሰ ቡችላ ላይ ስለሆነ፣ ከወላጆቹ አንዱ ነጻ መሆኑ ከተረጋገጠ ቡችሎቹ ከዚህ የተጠበቁ ናቸው። የዓይን ምርመራም እንዲሁ ለሁሉም ያስፈልጋል። ከወረቀቱ ቀጥሎ እናቲቱን ማየት ነው። እንግዳ ሲገባ ተነሥታ ጅራቷን እያወዛወዘች ከቀረበች፣ ልጅ ሲነካት ካልሸሸችና ካልጮኸች፣ ቡችሎቿም ያን መምሰላቸው አይቀርም። ብዙ አርቢዎች የ7 ሳምንት ቡችሎች ፊት የደረቀ የዳክዬ ክንፍ ይወረውራሉ፤ ሮጦ አንሥቶ ወደ ሰው የሚመለሰው ቡችላ፣ አንሥቶ ጥግ ሄዶ ከሚያኝከው ይሻላል።

በቤት ውስጥ የማን ቦታ የት እንደሆነም አስቀድሞ መወሰን ይበጃል። ውሻ የግቢ ጠባቂ እንጂ የሳሎን ነዋሪ አይደለም ብለው ያደጉ ወላጆች ከአገር ቤት መጥተው ወራት የሚቀመጡበት ቤት፣ ወይም የውሻ ምራቅ ከነካው ልብስ መጠንቀቅ ያለበት የሙስሊም ቤተሰብ፣ ጋራዥ ውስጥ ሞቅ ያለ ማደሪያና የተከለለ ጓሮ ማዘጋጀት ይችላል። ይህን አኗኗር ላብራዶርና ቼሳፒክ፣ በየቀኑ በቂ ሰዓት ከሰው ጋር እስከዋሉ ድረስ፣ ይችሉታል፤ ጎልደንና ስፕሪንገር ግን ከሰው ሲለዩ ይከፋቸዋል፣ ይጮኻሉም።

ሥልጠናውን በተመለከተ ከአራቱ የሚጠበቀው ተመሳሳይ ነው። ጥሩ ውሻ ዳክዬውን ከደረቱ ላይ በስሱ ይዞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ይመለሳል፣ ከጌታው ፊት ቁጭ ብሎም እጅ እስኪዘረጋለት ድረስ አይለቅም፤ ወፉ ሲነጭ ሥጋው ላይ የጥርስ ቀዳዳ ካልተገኘ አፉ ለስላሳ ነው ማለት ነው። ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ጥርሱን ስለሚቀይርና ድዱ ስለሚያመው በዚያ ወቅት ማምጣትን ማብዛት አይገባም፤ በጨርቅ እየተጎተቱ ማጫወትም፣ ልጆች ቢወዱትም፣ አፉን ያከብደዋል፣ ማለትም ወፉን አጥብቆ መንከስ ያስለምደዋል። ጥይት የሚለመደው ከሩቅና በትንሽ ድምፅ፣ ምግብ ወይም ወፍ ሲያስደስተው እየተጀመረ ነው። ቡችላን በቀጥታ ወደ ተኩስ መለማመጃ ቦታ የሚወስድ ሰው ዕድሜ ልኩን ጥይት የሚፈራ ውሻ ሊያሳድግ ይችላል፣ ይህንንም ማቃናት በጣም ከባድ ነው።

የመግዣውም ወቅት ይታሰብበት። በአሜሪካ የብርድ ወራት ተወልዶ በጸደይ መጀመሪያ በ8 ሳምንቱ ቤት የሚገባ ቡችላ የበጋውን ሙቀት ውሃ እየለመደ ያሳልፋል፣ በመጀመሪያው መጸውም አጫጭር አደኖችን ሊያይ ይችላል፤ ሙሉ ሥራ የሚጠበቅበት ግን በሁለተኛው ዓመቱ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ለማሠልጠን የማይመቸው፣ በፈረቃ የሚሠራ ወይም ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ግን መሠረታዊ ሥልጠናውን ጨርሶ ጥይትና ውሃ የለመደ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውሻ ከአሠልጣኝ ቢገዛ ይሻለዋል። ዋጋው ከቡችላ ብዙ እጥፍ ቢሆንም፣ ጠባዩ ተለይቶ የታወቀ፣ የዳሌው ራጅ ሊታይ የሚችል ውሻ ነው፤ ከመግዛቱ በፊትም ልጆቹን ይዞ ሄዶ አንድ ከሰዓት በኋላ አብሮት እንዲውል መጠየቅ መብቱ ነው።