ከደሴ ሐረር ለሚሸጠው ጉዞ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ የቴሌግራም ግሩፖች አንድ ማስታወቂያ እየዞረ ነው። "ባለ ቀለሟ የተራራ ከተማ ሐረር! 4 ቀን 3 ሌሊት፣ ሁሉን ያካተተ" ይላል። ዋጋው 12,500 ብር። ግማሹን ቀብድ ብላችሁ በቴሌብር ትልካላችሁ፣ ቀሪውን ስትሳፈሩ ትከፍላላችሁ። ስልክ የሚያነሳው አስተባባሪ ምላሱ ማር ነው። እኔና እህቴ ሄደንበታል። ብራችሁን ያዙ።

ጸቤ ከሐረር ጋር አይደለም። ሐረርን ሂዱና እዩ። በዚህ ጉዞ ግን አትሂዱ።

ከፎቶው ልጀምር። ማስታወቂያው ላይ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ የተቀባ የድንጋይ ደረጃ አለ። ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ ባለ አበባ ማሰሮዎች ተሰቅለዋል። ደረጃው ላይ ድመት ተጋድማለች። ጀጎል፣ ማለትም በግንብ የታጠረው የድሮው ሐረር ውስጥ፣ ለአንድ ባለሱቅ ስናሳየው ከት ብሎ ሳቀ። "ይሄ የኛ ሰፈር አይደለም" አለን። የወንድሜ ልጅ በጉግል ሌንስ ሲፈልገው ሞሮኮ ሆኖ አገኘው። ሸፍሻወን ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1471 የተቆረቆረች፣ በሪፍ ተራሮች ላይ ያለች፣ በሰማያዊ ቤቶቿ የታወቀች ከተማ ናት። መልካም ከተማ ትሁን፤ እኛ የከፈልነው ግን ለሷ አይደለም።

የሚገርመኝ ሰውየው የሐረርን ፎቶ ቢለጥፍ ምን ይጎድልበት ነበር? የሐረር ቀለም እኮ ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀለም ብቻውን አይገዛትም። አረንጓዴው ግድግዳ ሲያልቅ ሮዝ ይጀምራል። ከሱ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ በኖራ የነጣ አጥር። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ልብሳችሁ ግድግዳውን ይታከካል፣ ትከሻችሁ ላይ ኖራ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። አንድ ጥግ ላይ ቀለሙ ተልጦ አየሁ። ከሰማያዊው ስር አረንጓዴ አለ፣ ከአረንጓዴው ስር ነጭ፣ ከነጩ ስር ደግሞ ሌላ ፈዛዛ ሰማያዊ። በየጊዜው አንዱ ባንዱ ላይ ሲቀባ የኖረ ነው። እሱን ቆሜ ሳይ አስተባባሪው "እንቅደም፣ እንቅደም፣ ሰዓት የለንም" ይላል።

ሰዓት ለምን እንደሌለ ልንገራችሁ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ሐረር ከ500 ይበልጣል። ይህን በአንድ ቀን እነዳለሁ የሚል ሾፌር ካለ መኪናው ላይ አትውጡ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን መንገድ ነው፣ ማደሪያው አዳማ። ሁለተኛውም ቀን መንገድ ነው። አራተኛው ቀን ከአዳማ ወደ ደሴ መመለሻ ነው። ሦስተኛውም ቢሆን ከሰዓት በኋላው መንገድ ነው፤ ማታ ተመልሶ አዳማ መግባት አለበታ። ለሐረር የሚተርፈው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ብቻ ነው። 12,500 ብራችሁ የሚገዛው ይህንን ነው።

"በባቲ ወርዶ በሚሌ ወደ አዋሽ ለምን አይሄድም?" የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛም ጠይቀን ነበር። ሰውየው ባዶ የቀሩትን ወንበሮች የሚሞላው ከአዲስ አበባ በሚጭናቸው ሰዎች ነው። በባቲ ከሄደ እነሱ ይቀሩበታል። መኪናውም ኮስተር ተብሎ ሃይሩፍ ነው የመጣው። ጉልበታችሁ ከፊት ያለው ወንበር ላይ ተጣብቆ ትሄዳላችሁ። እሱን እንኳን እንለፈው።

ዋናው ማጭበርበር ያለው ማደሪያው ላይ ነው። ማስታወቂያው "በጥንታዊው ግንብ ውስጥ በባህላዊ የሐረሪ ቤት ማደር" ይላል። ያደርነው ድሬዳዋ ነው። ድሬዳዋ ከሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፣ ያውም ዝቅ ብላ ቆላ ላይ ናት። እሷም የራሷ ደስታ አላት፣ ግን የተሸጠልን እሷ አይደለችም።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? ሐረር የጠዋትና የማታ ከተማ ስለሆነች ነው። ጀጎል በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ግንብ ነው። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ውስጡ 82 መስጊዶች እንዳሉ ዩኔስኮ ያስቀምጣል። በጠዋት ገብታችሁ መኪና ግርግር ወደሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ብትሄዱ ልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀራቸውን ደጅ አውጥተው ሲሰፉ ታገኛላችሁ። ጸሐይዋም ገና በጎን ስለምትመታ ግድግዳው ያበራል። እኛ የደረስንበት ሰዓት ጸሐይ አናት ላይ ነበረች፣ ሁሉም ቀለም ነጣ ብሎ ነው የታየን። በሮችም መዘጋት ጀምረው ነበር። ማታ ደግሞ ከግንቡ ውጭ ጅብ የሚመገብበት ሰዓት አለ። ድሬዳዋ የሚያድር ሰው ይህንንም ያንንም አያገኝም።

ጅቡን አስመልክቶ ጠይቀነው ነበር። "አብሽሩ፣ ድሬም ጅብ አለ እኮ" አለን። አብራን የነበረች አንዲት የደሴ እናት፣ "የኔ ልጅ፣ ጅብማ እዚያው ደሴ ጦሳ ተራራ ስር መች ጠፋና ነው ይህን ያህል አገር ያቋረጥኩት" አለችው። መኪናው በሙሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ገንዘብ ግን አልመለሰም።

የሐረሪ ቤት ውስጡም ከውጭው አያንስም። ከፍና ዝቅ ያሉ 5 መደቦች አሉት፣ እያንዳንዱ ማን እንደሚቀመጥበት የታወቀ ነው። መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል። ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው የሚሉ አሉ። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሞልቷል። ጀጎል ውስጥ እንዲህ ያለውን ቤት ለእንግዳ ማደሪያ የሚያከራዩ ቤተሰቦች አሉ። እኛ ከበር ላይ ሆነን አንገታችንን አስግገን አይተን ወጣን።

"ሁሉን ያካተተ" የሚለው ላይም አትመኩ። ማስታወቂያውን በጣታችሁ ስታሳድጉት ከታች በደቃቅ ፊደል "የመግቢያ፣ የአስጎብኚና የምሳ ክፍያን አይጨምርም" የሚል አለ። አስጎብኚ ከሌለ ደግሞ የምታዩት አጥር ብቻ ነው። አርጎቦች በኛ በወሎ እንዳሉ ሁሉ በሐረር አካባቢም አሉ፤ የሁለቱን አገር ዝምድና የሚያወራችሁ ሰው ብታገኙ ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሌላ ደግሞ "ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ጉዞው ቢቋረጥ ገንዘብ አይመለስም" ይላል። የመንገዳችንን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። መንገድ ቢዘጋ ኪሳራው የናንተ ብቻ ነው ማለት ነው።

ደረሰኝ ስንጠይቀው "የቴሌብሩ ሜሴጅ ደረሰኝ ነው" አለ። አይደለም። ብሩ የገባው በግለሰብ ስም ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፣ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። የአስጎብኚ ድርጅት ነኝ የሚል ሰው ንግድ ፈቃድና የብቃት ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። ሁለቱንም ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። እኔ ስጠይቀው ቴሌግራም ላይ ብሎክ አደረገኝ።

ማንኛውም አስተባባሪ ሐረር ልውሰዳችሁ ቢላችሁ መጀመሪያ "የት ነው የምናድረው?" በሉት። የማደሪያውን ስምና ስልክ ተቀበሉና ራሳችሁ ደውሉ። "እዚያው ስንደርስ ታያላችሁ" ካለ ስልኩን ዝጉት። ሦስትና አራት ሆናችሁ በራሳችሁ መሄድም አያስፈራም። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ አውሮፕላን አለ፣ ከዚያ ሐረር በሚኒባስ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አቅም ካልፈቀደ አውቶቡስ አለ። ሁለት ሌሊት ጀጎል እደሩ። በዓል ካማራችሁ ከረመዳን በኋላ ሸዋሊድ አለ፤ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝግቦታል፣ ግን ማደሪያ ቀድማችሁ ያዙ። ሰው ፎቶ ስታነሱ፣ በተለይ ሴቶችን፣ አስፈቅዱ።

ቀብድ የላካችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ማስታወቂያውን ስክሪንሻት አንሱ፤ ቅሬታ ሲበዛ ያጠፋዋል። የቴሌብሩን መልእክት አታጥፉ። ገንዘቡ እንዲመለስ በጽሑፍ ጠይቁት፣ በስልክ የተባለውን ይክዳል። ከዚያ ሁሉንም ይዛችሁ ወደ ከተማው ንግድ መምሪያ ሂዱ። እኔና እህቴ አመልክተናል። ሰባት ስምንት ሰው ሆነን ብንቀርብ የተሻለ ነው ተብለናል፤ አብራችሁን የምትገቡ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።