በሜክሲኮ አካባቢ ያለ የሽንት ፊኛ ሕክምና፦ የወንድሜ የ5 ወር ክትትል

ታላቅ ወንድሜ በመኪና አደጋ የኅብለ ሠረሠሩ የታችኛው ክፍል ከተጎዳ ወዲህ ሽንቱን መቆጣጠር አቅቶት ነበር። ላለፉት 5 ወራት በሜክሲኮ አደባባይና በለገሃር መካከል በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ሲታከም አብሬው ስለተመላለስኩ፣ ያየሁትን ለተመሳሳይ ቤተሰቦች እጽፋለሁ።

አስቀድመን በሄድንበት ሌላ ቦታ ወንድሜ «ሽንት ያመልጠኛል» ሲል ማንም ምንም ሳይለካ ፊኛን የሚያረጋጋ ክኒን ታዘዘለትና በዳይፐር እንዲቆይ ተነገረው። ክኒኑን በወሰደ ቁጥር ግን ሽንቱ ይበልጥ ይታገትና ሆዱ ይነፋ ነበር። በዚህኛው ክሊኒክ መጀመሪያ የታዘዘልን ለ3 ቀናት የሚጠጣውንና የሚሸናውን መጠን ከነሰዓቱ እየመዘገብን እንድናመጣ ነው። ከዚያም ሸንቶ እንደተመለሰ በአልትራሳውንድ ሲታይ ፊኛው ውስጥ 600 ሚሊ ሊትር ያህል ሽንት ቀርቶ ተገኘ። የአዋቂ ሰው ፊኛ በተለምዶ የሚይዘው ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ የወንድሜ ሽንት ያመልጥ የነበረው ፊኛው መኮማተር ተስኖት ከልክ በላይ ሞልቶ ሲፈስ ነበር። ክኒኑ ያባባሰውም ለዚህ ነው።

ሐኪሙ ይህን በሥዕል አስረዳን። ጉዳቱ ከፍ ብሎ በጀርባ ወይም በአንገት በኩል ቢሆን ኖሮ ፊኛው ያለፈቃድ እየተኮማተረ፣ የሽንት መውጫው ደግሞ በዚያው ቅጽበት እየተዘጋ፣ በውስጡ የሚፈጠረው ግፊት ኩላሊትን ሊጎዳ ይችል ነበር። ፊኛን የሚያረጋጉት እንደ ኦክሲቡቲኒን ያሉ ክኒኖችና ወደ ፊኛው ጡንቻ የሚወጋው ቦቶክስ የሚጠቅሙት እንዲህ ላለው ሕመምተኛ ነው። ሁለቱም ሰዎች ልብሳቸው ይርሳል፤ ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው።

ለወንድሜ የተመረጠለት በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ቀጭን ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) ራሱ አስገብቶ ፊኛውን ባዶ ማድረግ ነው። ስንሰማው ሁለታችንም ደነገጥን፤ በቤታችን መታጠቢያ ክፍል እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ ኢንፌክሽን መጋበዝ መሰለን። ሲስተሯ ግን አሜሪካዊው ሐኪም ጃክ ላፒደስና ባልደረቦቹ በ1972 እ.ኤ.አ. ዘዴውን ሲያስተዋውቁ ዋናው ነገር ፊኛው ሳይወጠር ቶሎ ቶሎ መራገፉ እንደሆነ ማሳየታቸውን ነገረችን፤ እጅን በሳሙና በሚገባ መታጠብና ንጹሕ ካቴተር መጠቀም ይበቃል። ልምምዱን በ4 ቀጠሮ አስተማረችው። እኔን ከክፍሉ አስወጥታ «ጋሼ፣ የእርስዎ እጅ ይልመደው፤ እህትዎ ሁልጊዜ አጠገብዎ ላይኖሩ ይችላሉ» ስትለው በበሩ በኩል ሰምቻለሁ። የወንድሜን ክብር እንዲህ የጠበቀለት ሰው ከአደጋው ወዲህ አላጋጠመንም።

ሌላው የወደድኩት፣ ሽንቱ ደፍረስ ባለ ቁጥር አንቲባዮቲክ አለማዘዛቸው ነው። ካቴተር በሚጠቀም ሰው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ነው አሉን፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የጎን ሕመም ሲኖር ግን ሳንውል ሳናድር እንድንመጣ አስጠንቅቀውናል።

አሁን ሌሊት አንሶላ አይቀየርም። ልብሱ ስለሚርስ ቤተ ክርስቲያን መግባት ትቶ የነበረው ወንድሜ ባለፈው እሑድ ቅዳሴውን እስከ መጨረሻው አስቀደሰ።

ጉድለቶቹም ቀላል አይደሉም። ለ3 ሰዓት ተቀጥረን እስከ 5 ሰዓት የጠበቅንበት ቀን አለ። የፊኛውን ግፊት የሚለካው ምርመራ እዚያ አይሰጥም፤ ይህን በግልጽ ነግረው ወደ ሌላ ተቋም ጽፈውልናል። ወጪውን በተመለከተ ከካርዱ ይልቅ የሚከብደው ካቴተሩ ነው፦ በቀን 5 ከሆነ በወር 150 ያስፈልጋል፤ ክሊኒኩ ስለማይሸጥ ልኩን ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ እንዞራለን። ከሁሉም ያሳዘነኝ ግን በዊልቸር የሚመጡ ሰዎች በሚታከሙበት ቤት የመጸዳጃው በር ዊልቸር የማያስገባ መሆኑ ነው። ወንድሜ ካቴተሩን የሚጠቀምበት ሰዓት እዚያ ሲደርስበት የምርመራ ክፍል እስኪለቀቅለት መጠበቅ ነበረበት። ለኃላፊዋ በጽሑፍ አመልክተናል፤ እናሰፋዋለን ብለውናል፤ ባለፈው ሳምንት ስንሄድ በሩ እንደነበረ ነው።