ታይለኖል ፒኤም፣ አድቪል ፒኤም፣ አሊቭ ፒኤም፦ የቱን ልግዛ?

እናቴ ልትጠይቀኝ አሜሪካ የመጣች ሰሞን ጉልበቷ ሌሊት አላስተኛ ብሏት ፋርማሲ ወሰድኳት። ማዘዣ የማይጠየቅባቸው የሌሊት ማስታገሻዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። እጇ ያረፈው አሊቭ ፒኤም ላይ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ግን ለግፊቷ የምትውጠው ኢናላፕሪል አለ።

የሚያስተኛው ነገር በሦስቱም አንድ ነው፤ ዳይፈንሃይድራሚን ይባላል፣ ቤናድሪል ውስጥ ያለው ያው የአለርጂ መድኃኒት። ስለዚህ «የቱ የበለጠ ያስተኛኛል?» ብሎ ማማረጥ ትርፉ ድካም ነው። ልዩነቱ ማስታገሻው ላይ ነው። አንዱ ፍሬ ታይለኖል ፒኤም 500 ሚሊግራም አሴታሚኖፌን፣ አድቪል ፒኤም 200 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን፣ አሊቭ ፒኤም 220 ሚሊግራም ናፕሮክሲን ሶዲየም ይዟል። መጠኑ ማታ 2 ፍሬ ነው፤ በ24 ሰዓት ከዚያ አያልፍም።

አድቪልና አሊቭ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ድካም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካቸው። ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ የግፊት መድኃኒቱንም ጉልበት ያሳጡታል፤ ኢናላፕሪልና የሚያሸና ክኒን አብሮ ለሚወስድ ደግሞ ለኩላሊቱ ያሰጋል። ደም በሚያቀጥነው ዋርፋሪን ላይ ከተደረቡ የመድማት አደጋው ይጨምራል። ለልቡ በየቀኑ አስፒሪን የሚወስድ ሰው፣ አይቡፕሮፌን የአስፒሪኑን ሥራ ሊያደናቅፍበት ይችላል። ነፍሰ ጡር ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሁለቱንም አትውሰድ።

ታይለኖል ፒኤም ለጨጓራና ለግፊት ይሻላል፤ የእሱ ጣጣ ጉበት ላይ ነው። ጤነኛ አዋቂ በቀን ከ4000 ሚሊግራም አሴታሚኖፌን ማለፍ የለበትም፣ 2ቱ ፍሬ ብቻ 1000 ነው። ጉንፋን ይዞዎት ናይኩዊል ከጠጡበት በ30 ሚሊሊትሩ ሌላ 650 ጨመሩ ማለት ነው። ጉበቱ የታመመ ወይም በየቀኑ 3 መጠጥና ከዚያ በላይ የሚጠጣ ሰው ይጠንቀቅ። ዋርፋሪን የሚወስድም ቢሆን ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ታይለኖል ነው ብሎ አይዘናጋ።

ዳይፈንሃይድራሚኑን ደግሞ የትኛውም ሣጥን አያስመልጥዎትም። ግላኮማ ላለበት፣ ፕሮስቴቱ አብጦ ሽንት ለሚያስቸግረው፣ የእንቅልፍ ክኒን ወይም ጠንካራ ማስታገሻ ለሚወስድ ሰው አይመከርም። የሚቀባው ቤናድሪል እንኳ አብሮ አይደረብም። የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበርም ከ65 ዓመት በላይ ያሉ ሰዎች እንዲርቁት ይመክራል፤ ያደነዝዛል፣ ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ይጥላል።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ፋርማሲስቷ የቦርሳዋን መድኃኒት አንድ በአንድ አስወጥታ አየችና ከአዲስ አበባ የመጣ የፓራሲታሞል እሽግ ላይ ስትደርስ ሳቀች። አሴታሚኖፌን ማለት ያው ፓራሲታሞል ነው፣ ስሙ ነው አሜሪካዊ የሆነው።

«ታዲያ ለምን እንገዛለን ልጄ?» አለችኝ እናቴ። ባዶ እጃችንን ወጣን።