ለፕሮግራሚንግ ክበብ ሎጎ የደሴና የኮምቦልቻ ህትመት ቤቶች እንዴት ናቸው?

የፓይተን፣ የጎ ወይም የሌላ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ክበብ ላላችሁ፣ የደሴና የኮምቦልቻ የማስታወቂያና ህትመት ቤቶች በአንድ ነገር አያሳፍሯችሁም፤ ማተም ያውቁበታል። ባነር ሥራ ካልበዛባቸው ቶሎ ያደርሳሉ፣ ስቲከሩን አጥርተው ይቆርጣሉ፣ ቲሸርትም ይሠራሉ። መንደፍ ግን ሌላ ሙያ ነው። «ሎጎ ሥሩልን» ብሎ ባዶ እጁን የሄደ ክበብ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው ከኢንተርኔት የወረደ ምስል ነው፤ ከሥሩ የክበቡ ስም ተጽፎበታል፣ ያውም ሲጎላ በሚደበዝዘው የጄፔግ ፋይል ብቻ። ሎጎውን መርጣችሁ፣ ፋይሉን አዘጋጅታችሁ ለህትመት ብቻ ብትሄዱ በእጅጉ ትጠቀማላችሁ።

የወረደው ምስል ባለቤት አለው። የጃቫ ቋንቋ የቡና ስኒ የኦራክል ኩባንያ የንግድ ምልክት ነው፤ ቡናው የእኛ መሆኑ ስኒውን የእኛ አያደርገውም። ሁለቱ የፓይተን እባቦች የፓይተን ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ናቸው፤ ቀለማቸውንና ቅርጻቸውን ከመነካካት በፊት ደንቡን ማንበብ ግድ ነው። የፐርል ቋንቋ ሰዎች ደግሞ ግመሉን ለዓመታት እንደ ራሳቸው ቢያዩትም፣ ግመሉ የመጣው ከኦራይሊ መጽሐፍ ሽፋን ስለሆነ ምልክቱ የአሳታሚው ነው፤ የፐርል ፋውንዴሽን ለራሱ ሽንኩርት መረጠ። ለጀማሪ ክበብ ከሁሉም የሚመቸው ረኔ ፍሬንች የሳለችው የጎ ቋንቋ መለያ እንስሳ፣ ጎፈር ነው። በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የተለቀቀ ስለሆነ፣ የሠዓሊዋን ስም እስከጠቀሳችሁ ድረስ ጋቢ ብታለብሱትም ማንም አይከለክላችሁም።

አመራረጡ ላይ ብዙ ክበብ ይጣላል። አምስት ንድፍ ቀርቦ ሦስቱ የሚመሳሰሉ ከሆኑ፣ ያንን ሐሳብ የሚወዱት ድምፃቸው ለሦስት ይከፈልና ብዙዎች ያልወደዱት ያሸንፋል። የሃስኬል ቋንቋ ማኅበረሰብ በ2009 እ.ኤ.አ. ሎጎውን ሲመርጥ እያንዳንዱ ሰው ንድፎቹን በቅደም ተከተል እንዲደረድር ያደረገው ለዚህ ነው። ቴሌግራም ላይ መደርደር ባይቻልም፣ ድምፅ መስጫውን ስትከፍቱ ከአንድ በላይ መልስ የሚፈቅደውን ብታበሩት ችግሩ በአብዛኛው ይቃለላል። የሰጪው ስምም እንዳይታይ አድርጉት፤ ጓደኛ የሣለውን አልወደድኩም ለማለት የሚያፍር ብዙ ነው።

«ወሎ ነንና ማሲንቆ ይሁን» የሚል ሐሳብ ከመጣ በደስታ ተቀበሉት፤ የማሲንቆ ሳጥን በሹል ጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን ስለሆነ፣ መሐሉን ቀጥ አድርጋችሁ ብትከፍሉት ኮድ ውስጥ የምንጽፋቸው ሁለት የማዕዘን ቅንፎች ይወጣሉ። በ512 ፒክሰል ስታዩት አንገቱም፣ ጭራውም፣ ደጋኑም ያምራል። ወደ 32 ሲወርድ ጭራው ይጠፋል፣ ደጋኑ የተጫረ መስመር ይመስላል። በ16 ላይ የሚተርፈው ሳጥኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ጭራውንና ደጋኑን ከመጀመሪያው አውጥታችሁ ሳጥኑንና አጭር አንገት አስቀሩ፤ በቅንፎቹ መሐል የምትተዉት ክፍተትም ሰፋ ይበል። በፊደል የሚሠራ ሎጎም ተመሳሳይ ፈተና አለበት፤ «ፀ» እና «ዐ»ን የመሰሉ ፊደላት ውስጣቸው ሲደፈን ጥቁር ነጥብ ይሆናሉ። ቴሌግራም የቡድን ምስልን በክብ ስለሚቆርጥ ደግሞ ዋናውን ምልክት ከካሬው መካከለኛ 70 በመቶ አታስወጡት።

ፋይሉን በነፃው የንድፍ ፕሮግራም በኢንክስኬፕ በቬክተር፣ ማለትም ቢጎላም በማይደበዝዝ ቅርጽ ሥሩት። ህትመት ቤት የምታገኙት ሌላ የንድፍ ፕሮግራም፣ ኮሬል ድሮው ሊሆን ይችላል፤ እናንተ የተጠቀማችሁበት የአማርኛ ፎንት እዚያ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ጽሑፉ ወደ ባዶ ሳጥን ወይም ወደ ሌላ ቅርጽ ይለወጣል። ጽሑፉን መርጣችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ሲን አንድ ላይ ብትጫኑ ወደ ቅርጽ ይቀየራል፤ ከዚያ በፒዲኤፍም በኤስቪጂም አስቀምጡት። ከመቀየራችሁ በፊት ግን አንድ ቅጂ አስቀሩ፤ ከተቀየረ በኋላ ፊደል ማረም አይቻልም። በስልክ የምትልኩ ከሆነም እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ቴሌግራም ይጨምቀዋል፣ ጠርዙ ይደበዝዛል።

ቀለም ላይ ደማቅ አረንጓዴና ደማቅ ሰማያዊ አትመኑ። ስክሪን ላይ የሚያበራው ቀለም በአታሚው አራት ቀለሞች ሲወጣ ይፈዛል፤ ጥፋቱም የባለሙያው አይደለም። ቀለሞቹን ሁለት ብታደርጓቸው ሌላም ጥቅም አለው፤ በስክሪን ህትመት እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ወንፊት ስለሚፈልግ ዋጋው በቀለም ብዛት ይጨምራል። ለጥቂት ቲሸርት በሙቀት የሚለጠፈው ይሻላል። ሰብሊሜሽን የሚሉትን፣ ቀለሙ በሙቀት ጨርቁ ውስጥ የሚገባበትን ህትመት፣ ፖሊስተር ላልሆነ ወይም ለጥቁር ጨርቅ አትቀበሉ፤ ጥጥ ላይ ይለቃል፣ ጥቁር ላይ ጨርሶ አይታይም። በቆራጭ ማሽን የሚወጣ ስቲከር ላይ ከአንድ ሚሊሜትር የቀጠነ መስመር ሲላጥ አብሮ ይነሳል። ኮፍያ ላይ ጥልፍ ከፈለጋችሁ ስሙን ትታችሁ ምልክቱን ብቻ አስጠልፉ፤ ትንንሽ ፊደል በክር ይደፈናል።

ለ2 ሜትር ባነር 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ነጥብ) የሚጠይቃችሁ ካለ አያስፈልግም፤ ከሩቅ ስለሚታይ 100 ይበቃል፣ ያም ወደ 7,900 ፒክሰል ስፋት ነው።

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያላችሁ ተማሪዎች ለባነርና ለስቲከር ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት መውጣት አያስፈልጋችሁም፤ እዚያው ከተማ ውስጥ ይሠራል። ለቲሸርት ግን የደሴን ዋጋ ማነጻጸሩ ይጠቅማል። የትም ብታሠሩ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በሚታተምበት በዚያው ጨርቅ ላይ አንድ ናሙና ጠይቁ፤ ወስዳችሁ በሙቅ ውሃ እጠቡት፣ ሲደርቅ ጠርዙን በጥፍር ሞክሩ። ካልተነሳ የቀረውን አሳትሙ።